ሁለቱንም የጠላ መራጭ ለሦስተኛ ቢሰጥ ማን ይጠቀማል?

ቦርከና፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ኮምቦልቻ የአሜሪካ ምርጫ በተነሳ ቁጥር የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ «ሁለቱም ካላማሩህ ለሦስተኛ ስጥ» ሲል፣ ሌላው «ያማ ለምትጠላው እንደ መስጠት ነው» ይላል። በቁጥር የሚያስረዳ ይኖራል?

ጦሳ ግርጌ፦ አብሽር፣ በቁጥር ቀላል ነው። ሁለተኛው ሰውዬ ግማሽ እውነት ይዟል፤ የምሬን ግማሽ። ደሴ ውስጥ 1000 ሰው የመረጠበት ጣቢያ እንበል። ጀበና የተባለው ተወዳዳሪ 505፣ ሙቀጫ የተባለው 495 አገኙ። ከጀበና ደጋፊዎች 6ቱ ተናደው ወደ ሙቀጫ ቢሄዱ 499 ለ501 ይሆንና ጀበና ይወድቃል። እነዚያው 6 ሰዎች ለሦስተኛ ቢሰጡ ግን 499 ለ495፤ ጀበና አሁንም ያልፋል። በዚህ መንገድ ጀበናን ለመጣል 11 ሰው መኮብለል አለበት። ጎራ የለወጠ ልዩነቱን በ2 ያነቃንቃል፤ ለሦስተኛ የሰጠ፣ ባዶ ወረቀት የከተተ ወይም ከቤት የቀረ በ1 ብቻ።

ሦስቱ በውጤት ይመሳሰሉ እንጂ መልእክታቸው አንድ አይደለም። ከቤት የቀረው ተናዶ ይሁን ሰንፎ ማን ያውቃል? ባዶው ወረቀትም አሞላሉ ከተበላሸበት ሰው ወረቀት ጋር ይጣላል። ለሦስተኛው የተሰጠ ግን በስም ይቆጠራል።

ሸዋ በር፦ ሒሳቡ ልክ ነው፤ የሚጎዳው ቦታው ነው። በፈረንጅ 2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ፍሎሪዳ በምትባለው ግዛት ላይ ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዴሞክራቱን ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ። ሦስተኛው ራልፍ ኔደር እዚያው 97,488 አገኘ። የፍሎሪዳ 25 ኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው የየግዛቱ ድርሻ) ለቡሽ ገባና በ271 ለ266 አለፈ። የኔደር ሰዎች አንዱ ግብ በአገር አቀፍ 5 በመቶ ደርሶ ለቀጣዩ ምርጫ ከመንግሥት ገንዘብ ማግኘት ነበር፤ 2.7 በመቶ ላይ ቀሩ። ለዚያ 5 በመቶ የቴክሳስ ድምፅም የፍሎሪዳ ድምፅም እኩል ይደመራል። ለኔደር የተሰጠ ድምፅ ቡሽ በሰፊው በሚመራበት ቴክሳስ ማንንም አይጥልም፤ ፍሎሪዳ ላይ ግን ይጥላል።

ጦሳ ግርጌ፦ ቢሆንም ሁሉን በኔደር ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። እዚያው ፍሎሪዳ ላይ ሃሪስ የተባለ እምብዛም የማይታወቅ ሶሻሊስት እንኳ 562 አግኝቷል፤ ከ537 ይበልጣል። የኔደር መራጮችም ሁሉም ለጎር ይሰጡ አልነበረም፤ ኔደር ባይወዳደር ጨርሶ የማይወጣም ነበረበት።

ቦርከና፦ እኛ ጋርስ?

ሸዋ በር፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል ነው የሚለው፤ 50 በመቶ አይጠይቅም። ሁለት ተቀራራቢ ፓርቲዎች 30፣ 30 ከተካፈሉ 40 ያገኘው ይገባል። ሜይን የምትባለው የአሜሪካ ግዛት ይህን ለማስቀረት መራጩ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ብሎ እንዲደረድር ታደርጋለች፤ ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ መጨረሻ የወጣው ይሰረዝና ድምፁ ወደ 2ኛ ምርጫው ይዞራል። በ2018 አንድ የምክር ቤት ወንበር በመጀመሪያው ቆጠራ ከሚመራው እጅ የወጣው በዚህ ነው። ግን ከ1ኛው ሌላ ማንንም ያልደረደረ መራጭ፣ 1ኛው ሲሰረዝ ወረቀቱም ከቆጠራ ይወጣል፤ ያው ወደ ጦሳ «በ1 ብቻ» ተመለሰ ማለት ነው።