ደሴ ላይ ቫርኒሽ ለመርጨት የትኛውን ኮምፕረሰር ልግዛ?

ጠያቂ (ሆጤ፣ ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጓሯችን ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ጀምሬያለሁ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ አንዳንዴም ሶፋ እሠራለሁ። ቫርኒሽ እስካሁን የምቀባው በብሩሽ ነው፤ መስመሩ አልጠፋ እያለ አስቸግሮኛል። ገንዘብ አጠራቅሜ ሱቅ ሄድኩና ሦስት ኮምፕረሰር (አየር ማመቂያ) አየሁ። አንዱ 24 ሊትር፣ ዘይት የማይጨመርበት። ሁለተኛው 50 ሊትር፣ 2 ፈረስ ጉልበት። ሦስተኛው ባለ ቺንጊያ፣ 100 ሊትር፣ 3 ፈረስ ጉልበት። ሻጩ «ሁሉም 8 ባር ነው፣ ልዩነታቸው ታንከሩ ብቻ ነው» አለኝ። እውነት ነው? የቤታችን መብራት ሲንግል ፌዝ ነው፣ ማታ ይዳከማል። እናቴም አጠገብ ስለምትተኛ ድምፁ ያሳስበኛል።

ቀለም ቀቢ (ፒያሳ፣ ደሴ)

አብሽር ወንድሜ፣ ገንዘብህን ሳታወጣ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ሻጩ ያለህ ልክ አይደለም። ባር አየሩ ምን ያህል እንደታመቀ ነው የሚነግርህ። ጋኑ፣ ማለትም ቫርኒሹን የሚረጨው ሽጉጥ መሳይ ዕቃ፣ ሲረጭ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃዋል፣ ስለዚህ 8 ባሩን ሦስቱም ቢደርሱበት ለአንተ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል የሚለው ነው። ታንከር እንደ ሮቶ ነው። ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ከቧንቧ የሚመጣው ውኃ አይጨምርም፤ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ያቆይሃል።

የተለመደው ትልቁ ጋን በደቂቃ ከ250 ሊትር በላይ ይጠጣል። ትንሽ አየር የሚፈልጉ ጋኖች አሉ፣ ከ100 እስከ 150 ሊትር የሚበቃቸው። መጀመሪያ ጋኑን ምረጥ፣ ከዚያ ኮምፕረሰሩን። ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚገዛው። የሶፋውን ጨርቅ ለሚመታው የአየር ስቴፕለር ግን 24 ሊትሩም ይበቃሃል፣ እሱ በጣም ትንሽ አየር ነው የሚወስደው።

ኤሌክትሪሻን (ደሴ)

ላዩ ላይ የተጻፈውን ሊትር እንዳለ አትመነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ፒስተኑ የሚስበው ነው። የሚወጣው ከዚያ ያነሰ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሲሶው ይጠፋል። ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፒስተኑ ያንኑ ያህል ጊዜ እየተመላለሰ የሚያስገባው አየር ያንሳል። ሞተሩም በሳሳ አየር ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ እዚህ ስትገዛ ከሚያስፈልግህ ከፍ አድርገህ ያዝ።

ሁለተኛ ነገር፣ በረጅም ቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰካው። 3 ፈረስ ጉልበት ማለት 2.2 ኪሎዋት ገደማ ነው። ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይነሳ ይቃጠላል። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ከነብሬከሩ አስዘርጋ። ርቀት ካስፈለገህ የአየር ቱቦውን አስረዝም እንጂ ሽቦውን አይደለም። መብራት በሚዳከምበት ሰዓት ባታስነሳው ይሻላል።

ጎሚስታ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕቃ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ሱቅ ውስጥ የሚዋሽህ ነገር ሁሉ በሰዓት ይታወቃል። ታንከሩን ባዶ አድርግ፣ መውጫውን ዝጋ፣ አስነሳው፣ ስልክህ ላይ ደቂቃ ቁጠር። ታንከሩን በባሩ አባዛው፣ ለደቂቃው አካፍለው። 50 ሊትር 8 ባር እስኪደርስ 400 ሊትር አየር ነው። 4 ደቂቃ ከፈጀበት በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ሙከራውን እዚያው ደሴ አድርገው። እኛ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ስለሆንን ያው ዕቃ እዚህ ፈጥኖ ይሞላል።

ዘይት የማይጨመርበት ትንሹ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። እናትህን አስብ። ባለ ቺንጊያው ዝግ ብሎ ስለሚዞር ድምፁ የወፈረና የለሰለሰ ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ዘይቱ ግን የኮምፕረሰር ዘይት ይሁን፣ የመኪና አይደለም። ማታ ማታ ከታንከሩ ሥር ያለውን መክፈቻ ፈትተህ ውኃውን አፍስስ። ውኃው ከተጠራቀመ ታንከሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ምንም አይታይህም። ያገለገለ ስትገዛ ታንከሩ የተበየደ ከሆነ ጥለኸው ሂድ። እሱ ሲፈነዳ አይምርም።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም። አንድ ጓደኛዬ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ከጋዝ ሲሊንደር ጋር አገጣጥሜ ልሥራልህ ይላል። በጣም ይረክሳል፣ ድምፅም የለውም። ምን ትላላችሁ?

ቀለም ቀቢ (ፒያሳ፣ ደሴ)

አይሆንም። የፍሪጁ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ግፊትም አያንሰውም፣ ግን የሚሰጠው አየር እፍኝ ነው። ለብስክሌት ጎማ ይሆናል። የአልጋ ራስጌ ስትረጭ ግማሽ ላይ ያቆምሃል፣ አቁመህ የቀጠልክበት መጋጠሚያ ደግሞ ሲደርቅ ይታያል። ሲሊንደሩን ማንም ባልመረመረው መልኩ በስቶ መበየድ ደግሞ እናትህ በምትተኛበት ግቢ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ስትረጭ ኮምፕረሰሩ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። ማብሪያው በጠፋና በበራ ቁጥር ብልጭ ይላል፣ የቲነር ትነት ደግሞ በትንሽ እሳት ይያያዛል። ጭንብልህም ለትነት የተሠራ፣ ባለ ካርትሪጅ ይሁን። የጨርቁ አይረባም።

ጠያቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁለቱን በሰዓት ለካሁ። 50 ሊትሩ 4 ደቂቃ ፈጀ። ባለ 100 ሊትሩ 5 ደቂቃ፣ ማለትም በደቂቃ 160 ሊትር። እሱን ገዛሁ፣ ትንሽ አየር የሚፈልግ ጋንም ጨመርኩ። መስመሩን አስዘረጋሁ። የመጀመሪያው አልጋ በጣም አምሮ ወጣ። ትናንት ጠዋት የረጨሁት ቁም ሳጥን ላይ ግን ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ታየ። ምንድን ነው?

ጎሚስታ (ኮምቦልቻ)

ውኃ ይሆናል። ጋኑ አጠገብ የውኃ ማጣሪያ አስገባ።

ቀለም ቀቢ (ፒያሳ፣ ደሴ)

ማጣሪያው እንዳለ ሆኖ፣ ትናንት ጠዋት ከተማው በሙሉ ጉም ነበር። ቲነሩ ሲተን እንጨቱ ላይ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ ቫርኒሹ ላይ ይቀመጣል። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሳይነሳ አትርጭ። እኔ ከ5 ሰዓት በፊት ጋን አልነካም። የነጣውን በደንብ ይድረቅና በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ አሽተህ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን እንደገና ስስ አድርገህ እርጨው።