ጀንፈል ቡና እስከ መጪው ለቀማ በምን ዕቃ ላስቀምጥ?

የማና ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ጅማ ከተማ ኮጪ ነው። አባቴ ማና ወረዳ ካለችው ማሳው ለገበያ የሚሆነውን ከሸጠ በኋላ 5 ፈረሱላ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ለቤቴ ሰጠኝ፤ በኪሎ 85 መሆኑ ነው። ጥቂቱን አዲስ አበባ ለምትኖረው እህቴ እልካለሁ፣ ቀሪው ዓመቱን የምንጠጣው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ስለሆነ አይበዛብንም።

የቸገረኝ ማስቀመጫው ነው። አምና በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ሞልቼ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ከመኝታ ቤት ጥግ አኖርኩት። ሐምሌ ላይ ስከፍተው የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ጤዛ አቁሯል፣ ከላይ ያለው ቡና ነጭ ሻጋታ ለብሷል፣ ሽታው እንደ ረጠበ ካርቶን ነው። ግማሹን ደፋሁት። አባቴ እስከ ዛሬ አልሰማም፤ እንዳትነግሩብኝ።

አሁን በእጄ ያሉት፦ ያው በርሜል፣ ሁለት ጆንያ፣ በርካታ ማዳበሪያ፣ የምግብ ዘይት የነበረባቸው አራት ጄሪካኖች፣ ሰፊ አፍ ያላቸው ወደ 15 የመስታወት ዕቃዎች ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም። አማቴ ደግሞ «ድሮ በእንስራ ነበር የምናስቀምጠው» ይላሉ። የትኛው ይሻላል? ቀሽሬ ላስቀምጠው ወይስ ከነገለባው? 6 ኪሎ ኮረሪማም አለኝ፤ አብሬ ባኖረው ችግር አለው?

የሂርማታ ነጋዴ፦

ልጄ፣ በቡና ንግድ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ መልሱ አጭር ነው። ጆንያ። ፕላስቲክ ቡናን ያፍነዋል። ጆንያውን ደግሞ መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ ከሲሚንቶ ወለል የሚወጣው ቅዝቃዜና እርጥበት ከሥር ይበላዋል። አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ አሠሪ፣ ከግድግዳውም ክንድ ያህል አርቂው።

አትቀሽሪው። ቡና ከነገለባው ልብሱን እንደ ለበሰ ሰው ነው፤ ከተቀሸረ በኋላ ሽታም እርጥበትም ቶሎ ያገኘዋል። ለወር የሚበቃሽን ብቻ እያወጣሽ በሙቀጫ ውቂ። መድረቁን ለማወቅ እፍኝ ጀንፈል ወደ ጆሮሽ አስጠግተሽ ወዝውዢ፤ ፍሬው ገለባው ውስጥ ኮሽ ኮሽ ካለ ደርቋል፣ ድምፁ ከታፈነ ገና ነው። ጋን፣ እንስራ የሚባለውን ለአማትሽ አክብሮት ብለሽ ስሚና እለፊው።

ድኅረ ምርት፦

እህቴ፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ የድኅረ ምርት አያያዝ ነው ያጠናሁት። ጋሼ ስለ ርብራቡና ስለ ገለባው ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። በጆንያው ላይ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ ለጅማ ክረምት።

መጀመሪያ አንቺ ራስሽ የጻፍሽውን ተመልከቺ። ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ነበር ብለሻል። በርሜሉ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ያ ውሃ ከውጭ አልገባም፣ ከቡናው ነው የወጣው። ቀን ሲሞቅ ከፍሬው ይተንናል፣ ሌሊት ክዳኑ ሲቀዘቅዝ እዚያ ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ የላይኛው ቡና ላይ ይንጠባጠባል። በርሜሉ ጥፋት የለበትም፤ እርጥብ ቡና ነው የሰጠሽው።

በደንብ የደረቀ ቡና የእርጥበት መጠኑ ከ11 እስከ 12 በመቶ ነው። ያንቺ 15 በመቶ ላይ ነበር ብለን እናስብ፤ በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። 85 ኪሎ ቡና ከ15 ወደ 12 በመቶ ለመውረድ ወደ 2.9 ሊትር ውሃ ማጣት አለበት። በርሜሉን ስትከድኚ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ውሃ አብረሽ ቆልፈሻል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጆንያው። ቡና ከአየሩ ጋር ይሰጣጣል፣ ይቀበላል። በጥር ደረቅ አየር ጆንያ መልካም ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ያደርቅልሻል። ሰኔ ገብቶ ልብስ እንኳ ሳይደርቅ ሳምንት በሚቆይበት ጊዜ ግን ያው ጆንያ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ጋሼ በንግዳቸው ቡናው ከሰኔ በፊት ስለሚወጣ ይህ አይገጥማቸው ይሆናል፤ አንቺ ግን እስከ መስከረም ልታቆዪው ነው። እንስራም ያው ነው፤ ውሃ የሚያቀዘቅዝልን ገላው ስለሚያልበው ነው አይደል? ውሃን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ዕቃ ወደ ውስጥም ያሳልፋል።

ስለዚህ ለክረምት አየር የማያስገባ ዕቃ፣ ግን መጀመሪያ መለካት። በመስታወት ዕቃዎችሽ ልትለኪ ትችያለሽ። ዶሮ የሚያስፈለፍሉ ሰዎች የሚጠቀሙባት በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ አለች። አንዱን የመስታወት ዕቃ ሦስት አራተኛውን በጀንፈል ሙዪ፣ መለኪያዋን ከላይ አስቀምጪ፣ ክደኚና ጥላ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ከ65 በመቶ በታች ካነበበች ቡናው ለመዘጋት ደርሷል። 70ን ካለፈች ወደ ማስጫው አልጋ መልሺው። ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰጂ፤ ከጆንያው አፍ፣ ከመሃልና ከሥር ለየብቻ ለኪ።

ከርቸሌ ሰፈር፦

ይህን ያህል መሣሪያ ምን ያደርጋል? ጨው ይበቃል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ ቡና፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረሽ አንድ ደቂቃ ወዝውዢ፣ ሩብ ሰዓት አቆዪው። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እርጥብ ነው። ለነቀዝ ደግሞ ከገበያ የምትሸጠዋን ክኒን ሁለት ፍሬ በጨርቅ ቋጥረሽ በርሜሉ ውስጥ ጣዪ፤ ዓመቱን ሙሉ አይነካብሽም።

ድኅረ ምርት፦

የጨው መንገድ ለበቆሎ ጥሩ ነው፤ ጨው የሚጣበቀው ግን እርጥበቱ ከ15 በመቶ ሲያልፍ ነው። 14 በመቶ ላይ ያለ ቡና ጨውን ያልፋል፣ ሐምሌ ላይ ይሻግታል። «እርጥብ ነው» ሲልሽ እመኚው፤ «ደረቅ ነው» ሲልሽ አትመኚው።

ነርሷ፦

ስለ ክኒኗ እኔ ልመልስ። ወንድሜ፣ ያች ክኒን አልሙኒየም ፎስፋይድ ናት። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካት ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ትለቅቃለች፤ ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ጠያቂዋ በርሜሉን ያስቀመጠችው መኝታ ቤት ነው ብላለች፤ አንብበኸዋል? ክኒኗ ባለሙያ፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ በልክ የሚጠቀምባት ነገር ናት። በጨርቅ ቋጥሮ ቤት ውስጥ መጣል ልጆችን ከመርዝ ጋር ማስተኛት ነው። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይህን በቀልድ አያየውም።

ሌላም ልጨምር። የሻገተውን ቡና «ሲቆላ ይጠፋል» ብለው የሚጠጡ አሉ። ቡና ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች ኦክራቶክሲን የሚባል ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። እህቴ መድፋትሽ ልክ ነው። ሁሉንም ብትደፊው ደግሞ የበለጠ ልክ ነበር።

ከርቸሌ ሰፈር፦

ክኒኗን መልሼ ወስጃለሁ። እኛ ቤት መጋዘኑ ከግቢው ዳር ስለሆነ ነው፤ መኝታ ቤት ማለቷን አላስተዋልኩም።

የጎማ ገበሬ፦

እኔ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው ያለሁት። ለበቆሎ የለመድነውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ የምንለውን፣ ሦስት ዓመት ለቡናም ተጠቅሜበታለሁ። ውስጡ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ነው፣ ውጪው ተራ ማዳበሪያ። ክኒን አይፈልግም፤ አየሩ ሲያልቅ ነቀዙ ራሱ ታፍኖ ይሞታል።

አስተሳሰሩ ላይ ሰነፍ አትሁኚ። ቡናውን ከሞላሽ በኋላ አየሩን በእጅሽ ተጭነሽ አስወጪ፣ የውስጠኛውን አፍ ጠምዝዘሽ እጠፊና በሲባጎ እሰሪ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን እንዲሁ፣ መጨረሻ ላይ የውጪውን። አንድ ላይ ጨብጦ ማሰር አይሆንም። ከመሙላትሽ በፊት ከረጢቱን በአየር ነፍተሽ ጨምቂው፤ የመርፌ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ፊትሽ ላይ ይነፍስብሻል። ጠላቱ አይጥ ነው። 100 ኪሎ በቆሎ የሚይዘው ከረጢት ጀንፈል ከ60 ኪሎ ብዙም አይዝልሽም፤ ጀንፈል ቀላል ስለሆነ ቦታ ይፈጃል። ሁለት ግዢ።

አንዴ ከታሰረ ደግሞ በየሳምንቱ አትፍቺው። በከፈትሽው ቁጥር አየር ይገባል፣ ድካምሽ ከንቱ ነው። የሁለት ወሩን በጆንያ ለይተሽ አስቀሪ፣ ሌላውን እሰሪና እርሺው።

እመ ጀበና፦

ስለ ጄሪካኖቹ ማንም አልመለሰልሽም። ዘይት የነበረበትን ተዪው። ምንም ያህል በሳሙና ብታጥቢው ፕላስቲኩ ውስጥ የገባው ዘይት እየቆየ ይከረፋል፣ ቡና ደግሞ ሽታ ሳቢ ነው። እኔ አንዴ ጀንፈሌን ከፋኖስ ጋዝ አጠገብ አስቀምጬ ሦስት ወር ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍሬያለሁ። ከገበያ ባዶ ጄሪካን ስትገዢም የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ ምን እንደያዘ ሻጩ የማይነግርሽን ዕቃ አትግዢ።

ኮረሪማውን አብረሽ እንዳታስቀምጪ! ኮረሪማ የሚጣፍጠው ቡናው ሲፈላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አብሮት ከተኛ ግን ቡናው ቡና ቡና አይልም። እኅትሽ ደግሞ ያለ ኮረሪማ የምትጠጣ ልትሆን ትችላለች። ፍሬውን ከቅርፊቱ አታውጪው፤ በደንብ አድርቀሽ ከነቅርፊቱ በመስታወት ዕቃዎችሽ ውስጥ አኑሪው። ለእሱ ከመስታወት የሚሻል የለም፤ ሽታውን አያስወጣም፣ አይጥም አያስገባም። ብርሃን በማይደርስበት ቁም ሣጥን ይሁን።

የማና ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መለኪያዋን ገዝቼ በሦስት የመስታወት ዕቃ አሳደርኩ። ከጆንያው አፍ የተወሰደው 63፣ የመሃሉ 66፣ ከሥር የወጣው 73 በመቶ ሆነ። በጆሮዬ ስወዘውዘው ሦስቱም ኮሽ ኮሽ ይሉ ነበር፤ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁሉንም ልደባልቀው ወይስ የሥሩን ብቻ ላስጣው?

ድኅረ ምርት፦

ሁሉንም አስጪው፤ ስስ አድርገሽ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ እያገላበጥሽ። ማታ ጤዛ ሳይጥል ሸፍኚው፣ ሸራው ግን ቡናውን አይንካ። ከዚያ ወዲያውኑ አትዝጊው። ጆንያ ውስጥ ሁለት ሳምንት አሳርፊው፤ ደረቁ ፍሬ ከእርጥቡ እየተቀበለ እርስ በርሱ ይመጣጠናል። ነጋዴዎች ከመቀሸር በፊት የሚያሳርፉት ለዚህም ጭምር ነው። የጋሼ ጆንያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የሂርማታ ነጋዴ፦

ታዲያ መጀመሪያ ምን አልኩ? ጆንያ!

የማና ልጅ (ጠያቂ)፦

አምስት ቀን አሰጣሁት፣ ሁለት ሳምንት አሳረፍኩት። ትናንት ሦስቱም ቦታ 60 እና 61 በመቶ ነው። የባዶውን ጆንያ ክብደት ቀንሼ ስመዝነው ወደ 2 ኪሎ ገደማ ቀንሷል። 60 ኪሎውን በአንድ ፒክስ አስሬ ርብራብ ላይ አኖርኩት፤ ከመኝታ ቤትም አወጣሁት። ቀሪው በጆንያ አለ፣ እስከ ግንቦት ይበቃናል። የእህቴን ድርሻ ቀሽሬ በመስታወት አድርጌ ልልክላት ነበር፤ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ብዬ በአዲስ ወፍራም ላስቲክ ደርቤ ቋጠርኩላት። ኮረሪማው በዘጠኝ የመስታወት ዕቃ ገባ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በርሜሉን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ከፍቼ አዋልኩት። አሁንም አፍንጫዬን ወደ ውስጥ ስሰድ የአምናው ሽታ አለ። ምን ላድርገው?

እመ ጀበና፦

የዝናብ ውሃ ቅጂበት። ለልብስ ማጠቢያ።