አባታችን ብቻዬን እኖራለሁ ብለዋል፤ አብረን የምናየው ፊልም ጠቁሙን

የደሴው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን 78 ዓመታቸው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ደሴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኛ አዲስ አበባ ነን። ቤቱን አከራይተው እኛ ጋ እንዲመጡ ብንለምን፣ ብናኮርፍ፣ ሽማግሌ ብንልክ እሺ አላሉም። «እጄም እግሬም ገና ይታዘዘኛል» ነው መልሳቸው። ለገና ሁላችንም እሳቸው ዘንድ ነን። ከጀርባቸው ከመማከር አብረናቸው አይተን የምንወያይበት ፊልም አለ? ሽማግሌ መሳቂያ የሚሆንበት አይሁን።

ሲኒማ ወዳድ፦
የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የዴቪድ ሊንችን «ዘ ስትሬት ስቶሪ» እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። አልቪን ስትሬት የሚባሉ የ73 ዓመት አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ከአዮዋ ግዛት እስከ ዊስኮንሲን ግዛት ድረስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ በሣር ማጨጃ ማሽን ተጉዘው ስትሮክ የመታውን ወንድማቸውን ጠይቀዋል። ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃድ የላቸውም።
እኔ በጣም የምወደው ማሽኑ ተበላሽቶ ሰው ግቢ የሚያርፉበትን ነው። ቤት ግቡ ቢባሉ አይገቡም፤ ስልኩን ደጅ ተቀብለው ለልጃቸው ይደውላሉ፣ ከዚያ የጥሪውን ሒሳብ ትተው ይሄዳሉ። ባለቤቱ «በመኪና ላድርስዎ» ሲላቸው አመስግነው እምቢ ይላሉ። ግቢውንም ስልኩንም ተቀብለዋል እኮ፤ ልኩን የሚወስኑት ግን ራሳቸው ናቸው። አባትህም የሚሉት ይኸው ይመስለኛል። ተዋናዩ ሪቻርድ ፋርንስወርዝ ሲቀረጽ ካንሰር ነበረበት፤ ሲነሳ ሲቀመጥ የምታዩት ሕመም እውነተኛ ነው። በ79 ዓመቱ ለኦስካር ታጨበት።

ነርሷ፦
ፊልሙ ግሩም ነው። ግን መጀመሪያው ላይ ሰውዬው ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው መነሳት ያቅታቸዋል። ሐኪሙ በመራመጃ ድጋፍ ይሂዱ ሲላቸው እምቢ ብለው ሁለተኛ ከዘራ ይጨምራሉ። እዚያ ላይ አቁሙትና አባታችሁን ጠይቁ፤ ቢወድቁ ማን ይሰማል? ቁልፍ የያዘ ጎረቤት አለ?

እማማ ዘንድ፦
ለእናንተ ለልጆቹ ደግሞ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኦዙ «ቶኪዮ ስቶሪ»፣ እ.ኤ.አ. 1953። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከኦኖሚቺ ከተማ ወደ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ ስለያዛቸው አታሚ ወደሚባል የፍል ውሃ መዝናኛ ይልኳቸዋል፤ እዚያም በጫጫታው ሳይተኙ ያነጋሉ። ጊዜ ወስዳ ከተማውን ያሳየቻቸው የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ እኛኑ ናቸው። እስቲ ልጠይቅህ፦ አባትህ አዲስ አበባ ቢመጡ፣ እናንተ ሥራ ስትሄዱ ከማን ጋር ይውላሉ?

የደሴው፦
ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ። የቁልፉን ነገር ግን ከጎረቤት ጋር ከመነጋገሬ በፊት እሳቸውን አስፈቅዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።