«ሳች ቡጊ» መሃሉ ላይ ያለው ታፒንግ (ክሩን በጣት መታ እያደረጉ መጫወት) ለምን ይንጫጫል?

ጀማሪ_ሶሎ፦
የጊታሪስቱን የጆ ሳትሪያኒን «ሰርፊንግ ዊዝ ዘ ኤሊያን» አልበም (1987 እ.ኤ.አ.) እየተለማመድኩ ነው። «ሳች ቡጊ» ላይ ሁለቱም እጅ 5ኛው ክር ላይ የሚሠራበት ቦታ ስደርስ ሌሎቹ ክሮች አብረው ይጮሃሉ። እነሱን ለማፈን 1ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ የጸጉር ላስቲክ ልሰር?

ባለ6ክር፦
ላስቲኩን እርሳው። የዚያ ክፍል መሠረቱ ክፍቱ ኤ (ፍሬት ላይ ሳይጫን የሚጮኸው 5ኛው ክር) ነው፤ ጣቶችህ በተነሱ ቁጥር ወደ እሱ ነው የምትመለሰው። ላስቲክ ካሰርክ እሱም አብሮ ይታፈናል።

ማፈኑን እጆችህ ይሥሩት። የግራ ሌባ ጣትህን ትንሽ አስተኛው፣ ከ4ኛው እስከ 1ኛው ያሉትን ክሮች ሳይጫን ይንካ። ከ5ኛው ላይ ስታነሳው ከቀጫጭኖቹ እንዳይለቅ፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። 6ኛውን በቀኝ መዳፍህ ጠርዝ ያዘው።

ሌላው ፑል-ኦፉ (ጣትን ከክሩ ላይ ሲያነሱ ሳብ አድርጎ ማስጮህ) ነው። ታፕ ያደረገው ጣት ቀጥ ብሎ ከተነሳ ክሩ አይጮህም፣ ያኔ ጌይን (የአምፕሊፋየሩን የድምፅ ማጉያ መጠን) ትጨምራለህ፣ ጫጫታውም አብሮ ይመጣል። ጣቱን ወደ ጎን ሳብ አድርገህ ልቀቀው፣ ግን 4ኛውን ክር እንዳትመታ በትንሹ።

ዳዊት_ቶን፦
እላይ በተባለው እስማማለሁ። መጀመሪያ ያለ ዲስቶርሽን (ድምፁን ከሚያሻክረው ኢፌክት)፣ ሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) 80 ላይ፣ በሹፍል (ረጅም-አጭር በሚሄድ ምት) ስሜት ተጫወተው። ክሊን ላይ የማይሰማ ኖታ ዲስቶርሽን ላይ ጭቃ ነው የሚሆነው። ከዚያ 5 እየጨመርክ ውጣ። ኮምፕሬሰር (የድምፁን ከፍታ የሚያቀራርብ ኢፌክት) ደካማዎቹን ኖታዎች ያነሳልሃል፤ ሲበዛ ግን ያፈንከውንም ጫጫታ ያነሳዋል። ያረጀ 5ኛ ክር ካለህ ቀይረው፣ ታፒንግ ላይ ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጥህ።

ቅኝት፦
ፍሬት በፍሬት ከምትሸመድደው አሠራሩን እወቀው። ኤ ሳይነቃነቅ ስኬሉ (የኖታዎቹ መሰላል) በላዩ ይቀያየራል፤ ሳትሪያኒ ፒች አክሲስ የሚለው ይህንን ነው። ለጆሮ ቀለል የሚለው እዚያው አልበም ላይ ያለው «ኦልዌይስ ዊዝ ሚ፣ ኦልዌይስ ዊዝ ዩ» ነው፦ ቢ ሜጀር ይጀምርና ሥሩን ሳይለቅ ቢ ማይነር ይገባል። ትዝታ ሜጀርን በዚያው ቶኒክ (ሥር ኖታ) ወደ ትዝታ ማይነር እንደ ማዞር ነው፤ 3ኛውና 6ኛው በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ቤዙ ግን ንቅንቅ አይልም። አንተም ኤን በሉፐር (የቀዳኸውን ደጋግሞ በሚያጫውት መሣሪያ) ዘግተህ በላዩ ኤ ሜጀርንና ኤ ማይነርን እያፈራረቅክ ሞክረው።

ጀማሪ_ሶሎ፦
ላስቲኩ ወጣ። 6ኛውን በመዳፍ ስይዝ ግን ቀኝ እጄ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ሲሄድ ይለቀዋል፣ ምን ላድርግ?

ባለ6ክር፦
እንዲለቅ ተወው፣ ያኔ የግራ ሌባ ጣትህ ጫፍ 6ኛውን ከጎኑ ይንካው።