ጥቆማ፦ ኮንስትራክሽን ከመግባት በፊት ሥራውን በየት በኩል መሞከር ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን እንደጨረሰ ኮንስትራክሽን ካልገባሁ ብሏል። ምን ሆነህ ልትሠራ ስለው ግን መልስ የለውም። እኔም ለዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ አሁን ወደዚያው ዘርፍ መዞር እያማረኝ ነው። ለሥልጠና ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ሥራውን የምናይበት ነገር የምታውቁ ጠቁሙን።

መልስ 1

እህቴ፣ ከነፃዎቹ ልጀምርልሽ። «ማይ ኔክስት ሙቭ» የሚባለው የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ 60 ጥያቄ ያለው የዝንባሌ መጠይቅ አለ፤ መመዝገብም አይጠይቅም። ገና መጀመሪያ ላይ ጡብ ወይም ሴራሚክ መደርደር ደስ ይልህ እንደሆነ ይጠይቃል። ችግሩ፣ ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ልጅ ጡብ መደርደር ሁልጊዜም ደስ የሚል ነገር ነው። ስለዚህ ውጤቱን ለወሬ መነሻ አድርጉት እንጂ አትመኑት።

ለወንድምሽ የሚሻለው የእንግሊዙ «ጎ ኮንስትራክት» ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ ቀኑን ምን ሲሠራ እንደሚውል ይዘረዝራል። ኮንስትራክሽን ሲባል ግንበኛና መሐንዲስ ብቻ የሚመጣበት ሰው ሰርቬየሩን (ቀያሹን)፣ የክሬን ኦፕሬተሩን፣ የደህንነት ባለሙያውን እዚያ ያገኛቸዋል። የደመወዙና የምስክር ወረቀቱ ክፍል ግን ለእንግሊዝ የተጻፈ ስለሆነ እለፉት።

አንቺን በተመለከተ፣ ሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር) ልማር ብለሽ አትጀምሪ። ሒሳብሽ ያለው ሥራ ልኬት ላይ ነው፣ ማለትም ከፕላን ላይ ብረቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ቁፋሮውን አስልቶ ማውጣት። ይኸውልሽ መሞከሪያ፦ የፌሮውን (አርማታ ውስጥ የሚገባውን ብረት) ዲያሜትር በሚሊሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢው፣ ከዚያ ለ162 አካፍዪው፤ የአንድ ሜትር ክብደቱ በኪሎ ይወጣል። የባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ 0.89 ገደማ ይመጣል። አሁን የአንድ ኮለን (ምሰሶ) ዝርዝር ካለበት ፕላን ላይ ቋሚ ብረቱንና ስቲረፑን (ቋሚዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ብረት) ቆጥረሽ ጠቅላላ ኪሎውን አውጪ። ይህን ስትሠሪ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ከሄደ ኳንቲቲ ሰርቬይንግ (ይኸው የልኬት ሙያ) ያንቺ ነው። ካንገሸገሸሽም ያለምንም ወጪ አወቅሽው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሳይት ነው። የሚያውቁትን ሰው ለምኖ፣ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) የሚሞላበትን ቀን መርጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መዋል። በሌላ ቀን ብትሄዱ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ሲሠራ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በሙሌት ቀን ግን ሁሉም አለ። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) የመጨረሻዋን ብረት ያስራል፣ አናጺው ከሥር ድጋፉን ይፈትሻል፣ ቫይብሬተር (አርማታውን የሚያንቀጠቅጥ ማሽን) የያዘው ይጮሃል፣ ጋንግ ቺፉ (የሠራተኞቹ አለቃ) ከሱ በላይ ይጮሃል። የላብራቶሪው ልጅ ደግሞ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለውን የብረት ኮን በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱን ዙር በዘንግ 25 ጊዜ ወግቶ ኮኑን ያነሳና አርማታው ምን ያህል እንደተቀመጠ ይለካል። ጥንካሬው እንዲታወቅ በ7 እና በ28 ቀን የሚሰበሩትን የአርማታ ናሙናዎችም ያኔ ነው የሚወስደው። ወንድምሽ ዓይኑ ማን ላይ እንደሚያርፍ እይው፤ ከ60ው ጥያቄ የተሻለ መልስ ነው።

ያለ ሄልሜትና ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ «ውጡ፣ እዩ» ብለው ስካፎልዲንግ (የሥራ መወጣጫ) ላይ ከሰደዷችሁ ግን ተመለሱ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሞተው ከከፍታ ወድቆ ነው።

መልስ 2

በአንዱ አልስማማም። አንድ ቀን ማየት ጉብኝት ነው። ልጁ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ረዳት ሆኖ ይሥራ። ሰውነቱ በሁለተኛው ሳምንት የሚነግረው ነገር በመጀመሪያው ቀን አይታወቅም። ያ ካልተገኘ፣ ከ1976 ጀምሮ በብዙ አገሮች በበጎ ፈቃደኞች ቤት የሚሠራው «ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ» ሙያ የሌለውንም ሰው ይቀበላል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ እንደሚያቃጥል ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ጓንት ሳያደርግ፣ ቦት ውስጥ የገባ አርማታ ሳይታጠብ የሚውል ጀማሪ ብዙ አይቻለሁ።

መልስ 3

ቪዲዮ ለሚወድ፦ የዩቲዩብ «በ10 ደቂቃ ግድግዳ ሠራሁ» ዓይነቱን ተዉት፣ ድካሙ ተቆርጦ የወጣበት ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን የ«ወርልድስኪልስ» ውድድር እዩ። ግንባታ፣ አናጺነት፣ ሴራሚክ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሁሉም አለበት። ወጣቶቹ ሠርተው ሲጨርሱ ዳኞች እየለኩ ነጥብ ይሰጣሉ። ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ዓይን የሚለምደው እንዲህ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሙሌቱን ቀን የሚያስገባን ሰው አግኝቻለሁ። ወንድሜ ከወዲሁ ድሪልና ግራይንደር ግዢልኝ እያለኝ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1

እንዳትገዢ! ግራይንደር ያልሠለጠነ እጅ ላይ አደገኛ ነው፤ ደግሞም የትኛው ሙያ ውስጥ እንደሚገባ ገና አልለየም። ልኩ የሆነ ሴፍቲ ጫማ፣ ባለ 5 ሜትር ሜትርና አንድ ውሃ ልክ ይበቁታል። ውሃ ልኩን ሲገዛ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ አረፋውን ይይ፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙሮ እዚያው ላይ መልሶ ያስቀምጠው። ንባቡ ከተለያየ ሌላ እንዲያመጡለት ይጠይቅ።