ስለ ትውልድ ከተማዬ ስለ ሚኤሶ መጽሐፍ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ከየት ይጀመራል?

የሐዲድ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ተወልጄ ያደግሁት በድሬዳዋ የባቡር መስመር ላይ ባለችው ሚኤሶ ነው፤ አሁን የምኖረው አዳማ። አባቴ ምድር ባቡር ውስጥ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፍ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ትቶልን ሄደ። ውስጡ ፊሽካ፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ፣ የጡረታ መታወቂያ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው አንድ ደብተር። ደብተሩ ውስጥ ታሪክ የሚባል ነገር የለም። ቀን አለ፣ የባቡር ቁጥር አለ፣ ከዚያ «ረታር 2 ሰዓት»፣ «ረታር 40 ደቂቃ» እያለ በእርሳስ ይቀጥላል። ረታር መዘግየት ነው፤ ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ እኛ ቤት ግን አማርኛ ነበር። እናቴ ምሳ ስታዘገይ «ዛሬም ረታር አለ?» ይላት ነበር።

ይህን ደብተር ካየሁ ወዲህ ስለ ሚኤሶ የተጻፈ መጽሐፍ ፍለጋ ገባሁ። አዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ልጆች አንድ በአንድ አዳረስኩ። ስለ ሐረር ሞልቷል። ስለ ድሬዳዋም አይጠፋም። ሙሉ፣ አፍደም፣ አሰቦት፣ ኤረር የሚባሉት ግን የጣቢያ ስም ዝርዝር ላይ ብቻ ነው ያሉት። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው ይሉሃል። በመሃል 14 ዓመት አለ። ያን ሁሉ ዓመት ሐዲዱ የት የት እንዳደረ፣ ባደረበት ቦታ ማን ድንኳን ጥሎ ማን ሻይ እንዳፈላ የሚጠይቅ ሰው አላገኘሁም።

አንድ ዘመዴ የሌላ ወረዳ ከተማ ለበዓል ያሳተመውን «የከተማችን ታሪክ» ሰጠኝ፣ ሞዴል ይሆንሃል ብሎ። 40 ገጽ ነው። 22ቱ የባለሥልጣን ፎቶ። የውኃ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው፣ የመጀመሪያው ዳቦ ቤት የማን ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር አንድም የለም።

እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የጻፈ አለ? እኔ ታሪክ አልተማርኩም፤ ኤሌክትሪሺያን ነኝ።

ቆሎ ተራ፦

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የደብረ ሲና ሰው ነኝ። አንድ ጽፌአለሁ፤ 112 ገጽ። ስለዚህ ስህተቱን ሁሉ ሠርቼ ጨርሼልሃለሁ።

የመጀመሪያው ረቂቄ የሚጀምረው ከንግሥተ ሳባ ነበር። እውነቴን ነው። ደብረ ሲና ለመድረስ 30 ገጽ ፈጀብኝ። ሴት ልጄ አንብባ ስትመልስልኝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባዬ፣ ከተማዋ የምትመጣው መቼ ነው?» ተናደድኩ። ሦስት ቀን ሳላናግራት ከረምኩና 30ውን ገጽ ቀደድኩት።

አሁን መጽሐፉ የሚጀምረው ከቆሎ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሁሉ እኛን በቆሎ ነው የሚያውቀን። ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ዋሻ ገብቶ (587 ሜትር ነው)፣ ከዚያ ጉሙ ውስጥ ወጥቶ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁል ወርዶ አውቶቡሱ ሲቆም ቆሎው በመስኮት ይገባል። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ ተቀላቅሎ በወረቀት ተጠቅልሎ። ታዲያ አውቶቡስ ላይ መሸጥ የጀመረችው ማን ናት ብዬ ሰባት ሴቶች ጠየቅሁ። አምስቱ «እናቴ ናት» አሉኝ። መጀመሪያ አንዷን ልመርጥ አሰብኩ። በኋላ አምስቱንም ከነስማቸው ጻፍኳቸው። አንባቢው ይፍረድ።

ዓመት አትጠይቅ። ይህን ያወቅሁት በብዙ ድካም ነው። አንድን አዛውንት «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ካልካቸው ሊያሳፍሩህ አይፈልጉም፣ አንድ ቁጥር ይሰጡሃል። ቁጥሩን የሚሰጡህ ደስ እንዲልህ ነው። አንዲት እናት የሞተር ወፍጮው የመጣው በ1950 ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ጻፍኩ። በሌላ ቀን ቡና እየጠጣን «ያን ጊዜ ማንን አዝለው ነበር?» ብላቸው «የሁለተኛውን ልጄን፤ እነ መንግሥቱ ንዋይ ግርግር ያስነሱ ሰሞን የወለድኩትን» አሉ። ግርግሩ ታኅሣሥ 1953 ነው። አየህ፣ ወፍጮው ሦስት ዓመት ወደዚህ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ሁሉ ተቀየረ። ጣሊያን ወጥቶ ነበር? የእድገት በኅብረት ዘማቾች ደርሰው ነበር? ቤቱ ያኔ ሣር ነው ቆርቆሮ?

የፈረንጅ መጽሐፍ ስታነብ ደግሞ ሰባት ስምንቱን ዓመት ጠብቅ። እኔ እንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው «በ1841 ዓ.ም.» ነው ብዬ አሳተምኩ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ በእኛ እኮ 1833 ነው» አለኝ። የራሴ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ማሳተሙም ልንገርህ። 1,000 ኮፒ አሳተምኩ። ማተሚያ ቤቱ ገጽ አዛብቶ ከ64 ቀጥሎ 81ን አመጣው፤ ብሮጥም ብለምንም አልመለሱልኝም። 300 ያህል ተሸጠ። የቀረው አልጋዬ ሥር ነው፤ ባለቤቴ አልጋው ከፍ አለ ትላለች። የሚገዛ ሰው ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ መጀመሪያ የሚፈልገው የአባቱን ስም ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የሰዎች ስም ማውጫ አድርግ፣ ከነገጹ። አንዱ ጎረቤቴ የአባቱን ስም አጥቶ ሰላምታ ከነሣኝ ሦስት ፋሲካ አለፈ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱሪዬን ሁሉ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት እንደረሳኋቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ስድስት ኪሎ፦

ጋሼ ስለ ሰው ብዙ ብለዋል፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ቀድመህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂድ። የታሪክ ተማሪዎች ለምርቃት የጻፏቸው ጥናቶች እዚያ አሉ። ብዙዎቹ የየራሳቸውን የትውልድ ከተማ ነው የጻፉት፣ «የእገሌ ከተማ ታሪክ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» እያሉ። በእንግሊዝኛ ናቸው፣ በታይፕ የተመቱ፣ አንዳንዱ ደረቅ ነው። አንተ ግን ከኋላ ጀምር። መጨረሻው ላይ ቃላቸውን የሰጡ ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቀን ተዘርዝሯል። እነዚያ ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ልጆቻቸው ግን አሉ። የሚኤሶ ቢጠፋ የጎረቤቶቿን እይ፣ የባቡር መስመር ታሪክ አንዱ ከሌላው አይነጠልም።

ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ሁለት ቅጽ አላቸው፣ በፈረንጅ 1982 እና 1985 የወጡ። ሁለተኛው ቅጽ 1935 ላይ ይቆማል፣ እንደገና በፈረንጅ ማለቴ ነው (ጋሼ እንዳይስቁብኝ)። በርንሃርድ ሊንዳል የሚባል ስዊድናዊ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ቦታዎች ከየመጽሐፉ ለቅሞ በፊደል ተራ ያሰባሰበው ማስታወሻ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ የኖርዲክ አፍሪካ ተቋም ነው ያወጣው። የአንዳንዷ ቦታ ሁለት መስመር ናት፣ ግን ሁለቱ መስመር ወደ ሌላ መጽሐፍ ይመራሃል። የሚኤሶ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ በአንዱ ስታጣው በሌላው ሞክር።

ጣሊያኖች በፈረንጅ 1938 ያሳተሙት የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መምሪያም አለ። መንገዱን እየተከተለ ትንንሹን ቦታ ሳይቀር ይዘረዝራል። ለቅኝ ገዥ ተጓዥ የተጻፈ ነው፤ እንደዚያው አድርገህ አንብበው። ከ1933 ወዲህ ላለው አዲስ ዘመን ጋዜጣን አገላብጥ። አድካሚ ነው፣ አልዋሽህም። እኔ የእኔን ከተማ ስም ፍለጋ አንድ ክረምት ሙሉ አቧራ ስቅም ከርሜ ያገኘሁት አራት ዜና ነው። አንዱ ስለ ጠፋ በቅሎ ነው።

የዕድር መዝገብንም አትርሳ። ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን ድንኳን እንዳዋሰ ሁሉ አለበት።

ሳቢያን ነኝ፦

ብሮ፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ። «ሚኤሶ የማን ናት» ከሚለው አትጀምር። ከዚያ ከጀመርክ መጽሐፉ ሳይታተም ጠቡ ይታተማል። ገበያዋን ጻፍ። ኦሮሞውም ሶማሌውም አፋሩም የሚገናኘው እዚያ ነው፤ ወተቱ፣ ግመሉ፣ ፍየሉ ይመጣል። የየመን ዐረብ ሱቆች ነበሩ በየጣቢያው። ድሬ የሚሄድ ባቡር ሲቆም መስኮት ሥር የሚሯሯጡትን ሴቶች ጻፍ። አያቴ አንዷ ነበረች፣ አፍደም ላይ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ገንዘቧን ሳትቀበል እየሮጠች፣ አንዱ ተሳፋሪ ብሩን በድንጋይ ጠቅልሎ እንደወረወረላት እስክትሞት ታወራ ነበር።

መጥፎውንም አትዝለል። በ1969 በሶማሊያ ጦርነት ሐዲዱ የተቆረጠበትን። ጥር 1977 አዋሽ ድልድይ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል የገባበትን። ከ400 ሰው በላይ ነው ያለቀው፤ የዛሬ ልጆች ስትነግራቸው ፊልም ይመስላቸዋል። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ሁሉም ስለ ፍጥነቱ ነበር የሚያወራው።

የአባትህ ደብተር ጥር 1977ን ይዟል? ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁህ።

የሐዲድ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አልጋ ሥር ካሉት አንድ ኮፒ እገዛለሁ፣ 64 ቀጥሎ 81 ቢሆንም ግድ የለም።

ሳቢያን፣ ጥያቄህን አንብቤ ሌሊቱን ሣጥኑን ከፈትኩ። ይዟል። እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ እንደ ወትሮው ነው። ረታር 1 ሰዓት፣ ረታር 25 ደቂቃ። ከዚያ ዘጠኝ መስመር ባዶ ትቷል። ቀኖቹን ጽፏቸዋል፣ ፊት ለፊታቸው ግን ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ይቀጥላል፣ በሌላ እርሳስ።

እናቴ ጋር ደወልኩ። መጀመሪያ እንደ ሞኝ «በስንት ቀኑ ነበር አባዬ የተመለሰው?» አልኳት። «እኔ ምኑን አውቄ» አለችኝ። የጋሼ ነገር ትዝ ብሎኝ «ማንን አዝለሽ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «እህትህን፤ ፈንጣጣ መሳይ ነገር ወጥቶባት ነበር» አለች። የሐዲድ ጥገናዎቹን በሌሊት ሰብስበው ወደ አዋሽ እንደወሰዷቸው፣ አባቴ ሲመለስ ጫማውን ደጅ አውልቆ እንደገባ፣ ጫማውን እንድታጥበው እንዳልፈቀደላት ነገረችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አልሰማሁም። እኔም ቤት ውስጥ ነበርኩ እኮ፣ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጫማውን አላስታውሰውም።

አሁን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከደብተሩ ልጀምር ነው ሐሳቤ። አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል። እርሳሱ እየደበዘዘ ነው፣ አንዳንዱ ገጽ ሲገለጥ ይሰነጠቃል። በስልክ ፎቶ ላንሳው ወይስ ስካን ማድረጊያው ላይ ቢጫን ይጎዳ ይሆን? የሞከራችሁ ንገሩኝ።