የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ሽፋንና የመንገድ ሞት፦ ካርታዬ ምን እያሳየኝ ነው?

ካርታ_ወዳድ
ሰላም ወገኖች። ለመመረቂያ ጽሑፌ በእያንዳንዱ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ዙሪያ 50 ኪ.ሜ ራዲየስ ያለው ክብ ሣልኩና በየወረዳው ከ100 ሺህ ሕዝብ ስንት ሰው በመኪና አደጋ እንደሚሞት አሰላሁ። ክቡ ውስጥ ሞት በጣም ዝቅተኛ ነው። አማካሪዬ ግን «ሄሊኮፕተሩ አዳናቸው ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ። ለምን?

ጥሪ_ተቀባይ
ልክ ናቸው። ማረፊያ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ትልቅ ሆስፒታል ያለው ደግሞ ከተማ ውስጥ። ከተማ ውስጥ መኪና በዝግታ ይነዳል፤ ግጭቱ ቢበዛም ገዳይነቱ ያንሳል። ክብህ የለካው ከተሜነትን ነው።

የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል ስለሠራሁ ደቂቃው የት እንደሚበላ አውቃለሁ። በሰዓት 220 ኪ.ሜ ለሚበር ሄሊኮፕተር 50 ኪ.ሜ ማለት 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ካርታህ ይቺን ብቻ ነው የሚያየው። ሞተሩ እስኪነሣ፣ አብራሪው የኤሌክትሪክ ገመድ የሌለበት ሜዳ እስኪያገኝ፣ ቁስለኛው ከተጨማደደው መኪና ወጥቶ እስኪጫን፣ ከዚያም የመልሱ በረራ አለ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ከዚህ በፊት የሚባክነው ነው፦ የምድር አምቡላንስ ይላካል፣ ደርሶ ያያል፣ ያኔ ገና «ሄሊኮፕተር ላኩ» ይላል። ስለዚህ ክቡን ተወውና ከጥሪው እስከ ሆስፒታሉ በር ያለውን ደቂቃ ሣል።

ሌላው፣ ማንም ሳይደርስለት እዚያው የሞተን ሰው የትኛውም ሄሊኮፕተር አያተርፈውም። እነሱን ለይና፣ በሕይወት ከተገኙት ከባድ ቁስለኞች መካከል በ30 ቀን ውስጥ ስንቱ እንደሞቱ አስላ። በሕዝብ ብዛት ማካፈል እዚህ ብዙም አይጠቅምህም።

ደመና
በዓመታት ማወዳደርም ያው ወጥመድ አለበት። ሙኒክ ላይ «ክሪስቶፍ 1» የተባለው የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በዚያ ዓመት በምዕራብ ጀርመን መንገዶች ከ19 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። ግን በ1972 ከከተማ ውጭ ባሉ መንገዶች የ100 ኪ.ሜ ገደብ ወጣ፣ በ1976 የፊት ወንበር ቀበቶ ግዴታ ሆነ። ለየትኛው ትሰጠዋለህ?

ሌሊቱንም አትርሳ። ብዙ ማረፊያዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ።

ካርታ_ወዳድ
የአደጋው ሰዓት መረጃው ውስጥ አለኝ! ታዲያ አንዱን ቦታ ቀንና ሌሊት ባወዳድረውስ?

ጥሪ_ተቀባይ
ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ሌሊት በራሱ ይገድላል። ፍጥነት አለ፣ መጠጥ አለ፣ አደጋውን ዘግይቶ የሚያይ ሰው አለ። ሽፋን በሌላቸው ወረዳዎችም የቀንና የሌሊቱን ልዩነት አውጣ፤ ከዚያ ሁለቱን ልዩነቶች አስተያይ። ጉም የነበረባቸውን ቀናት ከአየር ሁኔታ መዝገብ ካገኘህ ደግሞ እነሱንም ከሌሊቱ ጋር ቁጠራቸው፤ ያን ቀን ሄሊኮፕተሩ ቆሞ ነው የሚውለው።